«ሜዱሳ»፦ አኒ ሌኖክስ አንድም ዘፈን ያልጻፈችበት አልበም

በማርች 1995 (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስኮትላንዳዊቷ ድምፃዊት አኒ ሌኖክስ ሁለተኛውን የብቻ አልበሟን አወጣች። ስሙን «ሜዱሳ» አለችው። ዐሥር ዘፈኖች ይዟል፤ ከዐሥሩ አንዱንም እሷ አልጻፈችውም። አልበሙ ብሪታንያ ውስጥ የሽያጭ ሰንጠረዡ አናት ላይ ተቀመጠ፤ አሜሪካ ውስጥ እስከ 11ኛ ወጣ፤ እዚያም ከአንድ ዓመት በላይ ከዝርዝሩ ሳይወርድ ሰነበተ። ሐያስያኑ ግን እንደ ገዢው አንድ ልብ አልሆኑም። ድምፁን ያደነቁ ነበሩ፤ የራሷን ቃል አስቀምጣ በሰው ዘፈን መምጣቷን እንደ ስንፍና የቆጠሩባትም ነበሩ። በፌብሯሪ 1996 ደግሞ የአልበሙ መክፈቻ ዘፈን ግራሚ አስገኘላት።

አንድ አልበም፣ ሦስት ፍርድ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ሲሆን ሐያሲና ሕዝብ መቼ ተስማምተው ያውቃሉ ተብሎ ይታለፋል። ይህኛው ግን ከጣዕም ልዩነት ያለፈ ነገር አለበት። ገዢው፣ ሐያሲውና ሸላሚው አንዱን ዘፈን ሰምተው የመዘኑት የተለያየ ነገር ነው፤ አንዱ ድምፅን፣ ሌላው ድርሰትን። በካሴት ልባስ ላይ ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ፣ ቅንብር የእገሌ የሚለውን እያነበበ ያደገ ሰው የነገሩን ግማሽ ቀድሞ ያውቀዋል። ቀሪው ግማሽ ገንዘቡና ክብሩ በእነዚያ ስሞች መካከል እንዴት እንደሚከፋፈል ነው፤ የ«ሜዱሳ» ክርክርም ያረፈው እዚያው ላይ ነው።

ሴትየዋ ማን ናት?

ሌኖክስ በ1954 በአበርዲን ተወለደች። ለንደን ወደሚገኘው ሮያል አካዳሚ ኦፍ ሚውዚክ የገባችው ፍሉት ልትማር ነበር፤ የመጨረሻውን ፈተና ሳትወስድ ጥላው ወጣች። ከዚያ ከዴቭ ስቱዋርት ጋር ተገናኝታ ቱሪስትስ በሚባል ባንድ ውስጥ መዝፈን ጀመረች። የባንዱ ትልቁ ስኬት የራሳቸው ዘፈን አልነበረም፤ ደስቲ ስፕሪንግፊልድ በ1963 የተጫወተችውን «አይ ኦንሊ ዋንት ቱ ቢ ዊዝ ዩ» በ1979 ደግመው ሠርተው ብሪታንያ ውስጥ 4ኛ ደረጃ ደረሱ። (ደስቲም የደረሰችው 4ኛ ነው። በመሀል በ1976 ቤይ ሲቲ ሮለርስ ሲጫወቱትም 4ኛ። ዘፈኑ ማን ዘፈነው ብሎ የማይጠይቅ ዓይነት ነው።) ስለዚህ ከ«ሜዱሳ» ዐሥራ ስድስት ዓመት በፊትም ሰው ያወቃት በሌላ ሰው ድርሰት ነበር።

ቱሪስትስ ሲፈርስ ሌኖክስና ስቱዋርት በ1980 ዩሪትሚክስን መሠረቱ። ጊዜው የሲንት-ፖፕ ነው፤ ሲንቲሳይዘርና የከበሮ ማሽን የጊታሩንና የከበሮ መቺውን ቦታ የወሰዱበት። እኛ ዘንድ ሙሉ ባንድ በአንድ ኪቦርድ ሲተካ ሙዚቃው ነፍስ አጣ ተብሎ እንደታማው፣ እዚያም ማሽን ይዘፍናል ወይ የሚል ሐሜት ነበር። ለሐሜቱ ከተሰጡት መልሶች ጠንካራው የዩሪትሚክስ ይመስለኛል። «ስዊት ድሪምስ»ን ለንደን ቻልክ ፋርም ውስጥ፣ ከሥዕል ክፈፍ መሥሪያ በላይ ባለች ክፍል፣ ባለ 8 ትራክ መቅጃ ላይ ቀዱት። ከታች የማይዛነፍ፣ ቅዝቅዝ ያለ ማሽን፤ ከላይ ደግሞ ከአሜሪካ ጥቁሮች የሶል ሙዚቃ የተማረ ትልቅ የሴት ድምፅ። በ1983 ብሪታንያ ውስጥ 2ኛ፣ አሜሪካ ውስጥ 1ኛ ሆነ። በቪዲዮው ላይ ፀጉሯን አሳጥራ ብርቱካንማ ቀለም አስነክታ፣ የወንድ ሱፍ ለብሳ ታየች። ሱፉን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

በዐሥሩ የዩሪትሚክስ ዓመታት ዘፈኖቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም በሌኖክስና በስቱዋርት ስም የተመዘገቡ ናቸው። ብቻዋን ስትወጣ በ1992 ያቀረበችው «ዲቫ» ደግሞ በጸሐፊነቷ ላይ ማኅተም አደረገ። «ዋይ» እና «ዎኪንግ ኦን ብሮክን ግላስ» ሁለቱም የብቻዋ ድርሰቶች ናቸው። አልበሙ ብሪታንያ ውስጥ አንደኛ ሆነ፤ በ1993 ብሪት በሚባለው የብሪታንያ የሙዚቃ ሽልማት የዓመቱ አልበም ተባለ፤ ለግራሚ የዓመቱ አልበምም ታጨ። ሐያስያኑ ያኔ ያመሰገኑት ድምፁን ብቻ አይደለም። ያለ ስቱዋርት ብቻዋን መጻፍ ትችላለች ወይ የሚለውን ጥያቄ መልሳለች ብለው ነው። ከዚህ በኋላ «ሜዱሳ» ሲመጣ ምን እንደሚሰማቸው መገመት አይከብድም። ጥያቄውን መልሳ ስታበቃ መልሷን የሰረዘች መሰላቸው።

የሁለተኛ አልበም ጣጣ በማንኛውም አገር ያለ ነው። ለመጀመሪያው ዕድሜ ልክ የተጠራቀመ ነገር አለህ፤ ለሁለተኛው ሁለት ወይ ሦስት ዓመት። ከዚያ ጋር በእነዚያ ዓመታት ሌኖክስ ትናንሽ ልጆች ያሏት እናት ነበረች። አልበሙ ላይ ባሰፈረችው አጭር ማስታወሻ ዘፈኖቹ በዕቅድ ሳይሆን በስሜት እንደተመረጡ ገልጻለች። ዘመኑ ደግሞ ለእንዲህ ያለው አልበም የሚያደላ አልነበረም። 1995 ብሪታንያ በብለርና በኦዌሲስ ፉክክር የተያዘችበት፣ አሜሪካ ደግሞ ገበናዋን በራሷ ቃል የምታወጣዋን አላኒስ ሞሪሴትን ያነገሠችበት ዓመት ነው። የራስን ሕይወት በራስ ቃል መናገር የእውነተኛነት መለኪያ በነበረበት ጊዜ አንዲት የታወቀች ጸሐፊ የሰው ቃል ይዛ መጣች።

ዐሥሩ

ዝርዝሩን በዓይነት ብናየው ይሻላል። «ኖ ሞር አይ ላቭ ዩስ» ዘ ላቨር ስፒክስ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በ1986 ያወጡት ነው። «ቴክ ሚ ቱ ዘ ሪቨር» የአል ግሪን፣ 1974። «ኤ ዋይተር ሼድ ኦፍ ፔል» የፕሮኮል ሃረም፣ 1967። «ዶንት ሌት ኢት ብሪንግ ዩ ዳውን» የኒል ያንግ፣ 1970። «ትሬን ኢን ቬን» የክላሽ፣ 1979። «አይ ካንት ጌት ኔክስት ቱ ዩ» ቴምፕቴሽንስ በ1969 አንደኛ ያደረጉት፣ አል ግሪንም በራሱ መንገድ የተጫወተው። «ዘ ዳውንታውን ላይትስ» የግላስጎዎቹ የብሉ ናይል፣ 1989። «ቲን ላይን ቢትዊን ላቭ ኤንድ ሄት» የፐርሱዌደርስ፣ 1971። «ዌይቲንግ ኢን ቬን» የቦብ ማርሌይ፣ 1977፤ በ2005 መስቀል አደባባይ ወጥቶ የቦብን 60ኛ ልደት ላከበረ ሕዝብ ይህን ማስተዋወቅ አያስፈልግም። የመጨረሻው «ሰምቲንግ ሶ ራይት» የፖል ሳይመን ነው፣ 1973።

ሰው ቶሎ የማያስተውለው፣ እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። ዐሥሩንም መጀመሪያ ያወጡዋቸው ወንዶች ናቸው። የተጣለ ወንድ፣ በር ላይ የሚጠብቅ ወንድ፣ የሚለምን ወንድ፣ የሚያኮርፍ ወንድ። በአማርኛ ሴት ድምፃዊት የወንድ ዘፈን ስትወስድ «አንቺ» እና «እሷ» የሚሉትን ግሶች ወደ ወንድ መገልበጥ አለባት፤ ወይም ሰሚው ነገሩ ግራ ይገባዋል። እንግሊዝኛ ይህን ግዴታ አይጥልም፤ ቃሉ ሳይነካ ሰውየው ሴት ይሆናል። የ1983ቱ ሱፍ እዚህ ላይ ነው የሚመለሰው። ያኔ የወንድ ልብስ ለብሳ የራሷን ዘፈን ዘፈነች፤ በ1995 የወንዶችን ዘፈን በሴት ድምፅ ለበሰች። «ኖ ሞር አይ ላቭ ዩስ» በቪዲዮ ሲቀረጽም የባሌ ዳንሰኞቹ የሴት ቀሚስ የለበሱ ወንዶች ናቸው። በስሜት ነው የመረጥኩት ትበል እንጂ ስሜቷ የት እንደሚያደላ ግልጽ ነው። ይህን ክር ይዞ አልበሙን የሰማ፣ ዘፈን አልቆባት የሰው ትለቅማለች የሚለውን ወቀሳ እንደ ቀድሞው በቀላሉ አይቀበልም።

ሌላም ነገር አለ፤ ምርጫው ከሕይወት ታሪኳ የራቀ አይደለም። ከአል ግሪን ጋር በ1988 ሁለት ሆነው የዘፈኑት «ፑት ኤ ሊትል ላቭ ኢን ዩር ሃርት» አሜሪካ ውስጥ 9ኛ ደርሷል። ብሉ ናይሎች በ«ዲቫ» ላይ «ዘ ጊፍት» የሚለውን ዘፈን አብረዋት ጽፈዋል። ፖል ሳይመን ደግሞ «ሰምቲንግ ሶ ራይት» በነጠላ ሲወጣ ራሱ መጥቶ አብሯት ዘፍኗል፤ ባለቤቱ ካልከፋው ለሰሚው ምን አስቆጣው ያሰኛል።

የዘፈን ሁለት ባለቤቶች

አሁን ወደ አስቸጋሪው ክፍል እንግባ። በሕግ ዓይን አንድ የተቀዳ ዘፈን ውስጥ ሁለት የተለያዩ ንብረቶች አሉ። አንደኛው ድርሰቱ ነው፤ ግጥሙና ዜማው። የጸሐፊውና የአሳታሚው ነው። ሁለተኛው በአንድ ቀን፣ በአንድ ስቱዲዮ፣ በአንድ ሰው ድምፅ የተቀዳው ቅጂ ነው። እሱ በተለመደው ውል የቀረጻ ኩባንያው ሆኖ ድምፃዊው ድርሻ ያገኝበታል። የእኛም ሕግ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) ደራሲውን፣ ከዋኙንና የድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲዩሰሩን ለየብቻ መብት ሰጥቶ ነው የሚያያቸው።

ከቨር፣ የሌላውን ዘፈን ደግሞ መጫወት፣ ማለት ከእነዚህ ሁለት ንብረቶች አንዱን ተውሶ ሌላውን አዲስ መሥራት ነው። ሌኖክስ የማርሌይን ቅጂ አልነካችም፤ የነካችው ድርሰቱን ነው። አሜሪካ ውስጥ ለዚህ የጸሐፊውን መልካም ፈቃድ መለመን እንኳ አያስፈልግም። አንድ ዘፈን በባለመብቱ ፈቃድ አንዴ ተቀድቶ ለሕዝብ ከተሸጠ በኋላ ማንም ሰው አስታውቆና በሕግ የተተመነውን ክፍያ ከፍሎ በድምፅ ሊቀዳው ይችላል። ቅንብሩን ከራሱ ዘይቤ ጋር ሊያስማማው ይፈቀድለታል፤ የዜማውን መሠረትና የዘፈኑን ጠባይ መለወጥ ግን አይችልም። ሕጉ የመጣው በ1909 ነው፤ ያኔ ያሟገተው በራሱ የሚጫወት ፒያኖ ውስጥ የሚገባው የተበሳ የወረቀት ጥቅል ነበር።

«ሜዱሳ» በወጣበት ዓመት የአሜሪካው ተመን ለአንድ ዘፈን፣ ለአንድ ዲስክ 6.6 ሳንቲም ነበር። ትንሽ ይመስላል። አልበሙ አሜሪካ ውስጥ የሁለት ሚሊዮን ቅጂ ማረጋገጫ አግኝቷል፤ ሂሳቡን በሙሉ ተመን ብንሠራው ለእያንዳንዱ ዘፈን 132 ሺህ ዶላር፣ ለዐሥሩ አንድ ሚሊዮን ሦስት መቶ ሃያ ሺህ ዶላር ይሆናል። ይህ ከሌኖክስ ኪስ አጠገብ አልፎ ወደ ሌሎች ጸሐፊዎችና አሳታሚዎች የሚሄድ ገንዘብ ነው። የብሪታንያና የሌላው ዓለም ሽያጭ፣ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ክፍያ አልተጨመረበትም።

ነገሩን የሚያብሰው ሌላ ልማድ አለ። የአሜሪካ ኩባንያዎች ድምፃዊው ራሱ ለጻፈው ዘፈን በውል የተመኑን ሦስት አራተኛ ብቻ መክፈል ለምደዋል። የውጭ ጸሐፊ ግን በዚያ ውል አይታሰርም፤ ሙሉውን ይጠይቃል። ስለዚህ ከቨር አልበም ለኩባንያውም ይወደዳል፣ ድምፃዊውም የጸሐፊነት ድርሻውን ያጣበታል። የ«ሜዱሳ»ን ውል ማንም በአደባባይ አላነበበውም፤ ገበያው የሚሠራው ግን በዚህ መንገድ ነው። ለመጻፍ ሰንፋ ገንዘብ ለመሰብሰብ የሮጠች ድምፃዊት የሚለው ስዕል እዚህ ላይ ይፈርሳል። ገንዘብ ብቻ ቢሆን ፍላጎቷ ዐሥር መናኛ የራሷን ዘፈን መጻፍ ያዋጣት ነበር።

በሲንት-ፖፕ ሰፈር ይህን ትምህርት በውድ የተማሩት ሶፍት ሴል ናቸው። በ1981 «ቴንትድ ላቭ»ን ብሪታንያ ውስጥ አንደኛ አደረጉት። ዘፈኑ የኤድ ኮብ ድርሰት ነው፤ በ1960ዎቹ የቀዳችው ግሎሪያ ጆንስ ናት። በዲስኩ ጀርባ የራሳቸውን ዘፈን ቢያደርጉ ለእያንዳንዱ ሽያጭ የጸሐፊነት ክፍያ በደረሳቸው ነበር፤ እነሱ ግን ጀርባውንም የሱፕሪምስን ዘፈን አደረጉበት። ዓለም በእነሱ ስም የሚያውቀው ዲስክ በሁለቱም ፊቱ የጸሐፊ ሳንቲም አላመጣላቸውም።

ድርሰትና አጨዋወት ድንበራቸው የጠራ ነው ብላችሁ እንዳትተማመኑ ደግሞ ከ«ሜዱሳ» ዘፈኖች አንዱ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። «ኤ ዋይተር ሼድ ኦፍ ፔል» በጋሪ ብሩከርና በግጥም ጸሐፊው ኪት ሪድ ስም ለዐሥርት ዓመታት ሲከፈልበት ኖረ። ዘፈኑን ሰምቶ ግን መክፈቻውን ኦርጋን የሚረሳ ሰው የለም። ኦርጋኑን የተጫወተው ማቲው ፊሸር ያን መስመር እኔ ነኝ የፈጠርኩት ብሎ ከሰሰ። በ2006 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ከዜማው 40 በመቶውን ፈረደለት፤ በ2008 ይግባኝ ሰሚው ስሙን ትቶለት ገንዘቡን ነፈገው፤ በ2009 ያኔ የመጨረሻው ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት መልሶ ሰጠው። ያለፈውን ግን አላገኘም፤ ድርሻው የሚታሰበው ወደፊት ነው። ስለዚህ ሌኖክስ በ1995 ስትዘፍነው በሕግ የሁለት ሰዎች ድርሰት የነበረው ነገር ዛሬ የሦስት ነው። በእኛ ልባስ ላይ ቅንብር ተብሎ ለብቻው ስም የሚያገኘው ሥራ፣ ብዙ ጊዜ እንግሊዝ አገር እንዲህ ተሟግቶ ነው ቦታ የሚያገኘው።

ሐያሲው ምን ሰማ?

የሐያስያኑን ቅሬታ ጨምቄ ላስቀምጥ። አንደኛው ስለ ምርጫው ነው፤ የሰው ዘፈን መዝፈን ለጀማሪ እንጂ ለእሷ አይመጥንም የሚል። ሁለተኛው ስለ ድምፁ አሠራር ነው፤ ይህኛው ይከብደኛል፣ ምክንያቱም እውነት አለበት። አዘጋጁ ስቲቨን ሊፕሰን ነው፤ «ዲቫ»ን የሠራው፣ ከዚያ በፊት በታወቀው የሙዚቃ አዘጋጅ በትሬቨር ሆርን ቤት ከግሬስ ጆንስና ከፍራንኪ ጎዝ ቱ ሆሊውድ ጋር የሠለጠነው። የእነዚያ ሥራዎች ውበት እያንዳንዱ ድምፅ ተወልውሎ በቦታው መቀመጡ ነው። ይህ ዘዴ ለራሷ ዘፈኖች ያምርባቸዋል። የአል ግሪን ሜምፊስ ውስጥ የተቀዳ፣ ላብ የሚሸት ሶል ላይ ሲደረግ ግን ዘፈኑ በብረት ምጣድ ፈንታ በመስታወት ላይ የተጋገረ ይመስላል። ሐያሲው ቀዝቃዛ ሲል ይህን ማለቱ ከሆነ ልክ ነው። የራሷ ስላልሆነ ነው ካለ ግን ምክንያቱን ስቷል፤ የራሷ ያልሆኑ፣ ግን የሚያቃጥሉ ዘፈኖች እዚያው አልበም ላይ አሉ።

ደግሞ ጊዜው ክፉ ነበር። በዚያው ሰሞን ሌሎች የሲንቲሳይዘር ዘመን ልጆች፣ ዱራን ዱራን፣ «ታንክ ዩ» የሚባል ከቨር አልበም አወጡ። ያንን ብዙዎች አብጠለጠሉት፤ ኪው የሚባለው የብሪታንያ መጽሔት በ2006 የምንጊዜም መጥፎው አልበም አለው። የ1980ዎቹ ኮከቦች ሐሳብ ሲያልቅባቸው ከቨር ያወጣሉ የሚል አፍ ተከፍቶ ነበርና «ሜዱሳ»ም ከጎረቤቱ ጋር አብሮ ታጥቦ ተሰጣ። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ የሰማ ልዩነቱን ያውቃል። ዱራን ዱራን የሚያደንቁትን ሰው ለመምሰል ሲደክሙ፣ ሌኖክስ ለመምሰል እንኳ አትሞክርም።

ለዚህ ማስረጃዬ መክፈቻው ነው። ዘ ላቨር ስፒክስ፣ ማለትም ዴቪድ ፍሪማንና ጆሴፍ ሂዩዝ፣ «ኖ ሞር አይ ላቭ ዩስ»ን በ1986 ሲያወጡት ብሪታንያ ውስጥ 58ኛ ላይ ቀረ። ጥሩ ዘፈን ነው፤ ግን ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ስለሚጮህ ሰሚው የት እንደሚቆም አያውቅም። ሌኖክስ ቦታ ከፈተችለት። ድምፆቹን አንድ በአንድ አስገባች፤ በመሀል እንደ ሕፃን እያጉረመረመች የምትናገረው ክፍል አስፈሪም አስቂኝም ነው። 2ኛ ደረጃ ድረስ ወጣ፤ አንደኛ እንዳይሆን የዘጋችው ሴሊን ዲዮን ናት። ሁለቱ ጸሐፊዎች ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ራሳቸው ያላገኙትን ሰሚ አገኙ፤ ክፍያውም ከዚያው ጋር መጣ። ይህ ከቨር የሚሠራው ትልቁ ሥራ ነው፤ ለታወቀ ዘፈን ሐውልት ከማቆም ይልቅ የተቀበረውን ማውጣት። «ሜዱሳ» ላይ ይህን ያደረገችው ለዚህና ለብሉ ናይል ነው፤ የእነሱም ዘፈን በራሳቸው ድምፅ 67ኛን አላለፈም። ሌሎቹ ከዋናው ጋር መወዳደር ነበረባቸው፤ ሲወዳደሩም ብዙዎቹ ተሸነፉ። ከአልበሙ የወጡት ነጠላዎች ደረጃ ራሱ ይናገራል፦ የፕሮኮል ሃረሙ 16ኛ፣ የማርሌይ 31ኛ፣ የፖል ሳይመን 44ኛ።

ወደ ግራሚ እንምጣ። ያገኘችው ሽልማት የሴት ፖፕ ድምፃዊት አዘፋፈን ሽልማት ነው፤ ለአዘፋፈን ብቻ። ለድርሰት የሚሰጠው ሌላ ነው፣ የሚቀበሉትም ጸሐፊዎቹ ናቸው። አብረዋት ከታጩት መካከል ቦኒ ሬይት የሮይ ኦርቢሰንን ዘፈን ይዛ ነበር፤ የማራያ ኬሪ «ፋንታሲ»ም ከቶም ቶም ክለብ የ1981 ቅጂ በተቆረጠ ድምፅ ላይ የተገነባ ነው። በዚህ ምድብ መበደር ነውር አልነበረም። በዚያው ምሽት ግን «ሜዱሳ» በሙሉነቱ ለምርጥ ፖፕ አልበም ታጭቶ ተሸንፏል። ያሸነፈችው ጆኒ ሚቼል ናት፤ ዘፈን ጸሐፊ የሚለውን ስም በዓለም ላይ ካከበሩት ቀዳሚዋ። መራጮች ምክንያታቸውን አይጽፉም፤ እኔ ግን ሁለቱን ውሳኔዎች አንድ ላይ ሳነባቸው እርስ በርስ አይጣሉም። ለድምፁ ድምፃዊቷን፣ ለአልበሙ ጸሐፊዋን ሸለሙ።

ሌኖክስ አልበሙን ይዛ አገር ላገር አልዞረችም። በሴፕቴምበር 1995 ኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ አንድ ትልቅ ኮንሰርት አደረገችና አበቃች። ቀጣዩ የብቻ አልበሟ «ቤር» የመጣው በ2003 ነው፤ ሙሉ በሙሉ በራሷ ድርሰት። በ2014 ደግሞ «ኖስታልጂያ» ብላ እንደገና ወደ ከቨር ተመለሰች፤ ያኔ የጮኸ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ስልሳ ዓመት ሊሞላት የተቃረበ ድምፃዊ የድሮ ዘፈን ሲዘፍን ክብር ነው፣ በአርባ ዓመቱ ሲሆን ውድቀት ነው የሚለው ያልተጻፈ ሕግ ከየት እንደመጣ አላውቅም። በ2022 እሷና ስቱዋርት የዘፈን ጸሐፊዎች የክብር አዳራሽ አባል ሆነዋል፤ ስለ ጸሐፊነቷ የሚጠራጠር ካለ ፋይሉ እዚያ አለ።

አልበሙን ዛሬ ለመስማት የሚፈልግ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይጓዝ። በመክፈቻው ይጀምር፤ ከዚያ «ዘ ዳውንታውን ላይትስ»ን መጀመሪያ በብሉ ናይል፣ ቀጥሎ በእሷ ይስማ። ሦስተኛ «ትሬን ኢን ቬን»ን፤ የፐንክ ልጆች የሆኑት ክላሾች በጊታር ያጉረመረሙትን ነገር ሶል አድርጋ ስታወጣው ዘፈኑ ከመጀመሪያውም ሶል እንደነበረ ይገባል። «ዌይቲንግ ኢን ቬን» ግን ለማርሌይ ይተውለት። እሱ ሲጠብቅ ፈገግ ይላል፣ ተስፋ አለው፤ እሷ ስትጠብቅ የተቆረጠላት ቀን ያለፈ ይመስላል፣ የሬጌው ምትም ያንን ሐዘን አይሸከምም።